«ጫቱ ነው» እየተባለ የሚታለፍ ሕመም

በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ ከምሳ በኋላ ፍራሽ ተነጥፎ በርጫ ይጀመራል። በገለምሶና በሂርናም እንዲሁ ነው። ጫት ለምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ የገንዘብ ምንጭ፣ ለወንዶቹም መገናኛ ነው። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ብዙም ያልተነገረው የሌላ በሽታ ምልክት መሸፈኛ መሆኑ ነው።

ልብ በኃይል ሲመታ «ምርቃና ነው» ይባላል። ምግብ ሲዘጋም፣ እንቅልፍ እንቢ ሲልም፣ ሽንት አልወርድ ሲልም መልሱ ያው «ጫቱ ነው»። አብዛኛውን ጊዜ እውነት አለው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፣ የሽንት ፊኛን አንገት አጥብቆ ፍሰቱን ያቀጥናል። ነገር ግን ዕድሜ ሲገፋ የሚያድገው ፕሮስቴትም ሽንትን ያቀጥናል፤ ስኳርም ያደክማል፤ የደም ግፊት በሽታ ደግሞ ጭራሽ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሰውየው በስሜቱ ብቻ እነዚህን ከምርቃና ሊለይ አይችልም።

ጉበት ከሁሉም ይበልጥ ዝምተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ሐረር ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታሎች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸው 150 ሕሙማን ተጠንተው ነበር። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ከተለመዱት መንስኤዎች አንዱም አልተገኘም። ሕሙማኑ በሽታው ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ በወንዶች ላይ በሽታው ከጫት ጋር ተያይዞ ታየ፤ የሚቃመው መጠንና ዘመኑ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ጨመረ። ከቀሩት ብዙዎቹ ሄፓታይተስ ቢ ነበረባቸው። የዚህ ቫይረስ ክትባት በኢትዮጵያ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ የዛሬው ጎልማሳ በልጅነቱ አላገኘውም። ሆድ ካበጠ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ በኋላ ሐኪም ጋ መሄድ ደግሞ እጅግ የዘገየ ነው።

እናቶች ለእርግዝና ክትትልና ለልጅ ክትባት ጤና ጣቢያ ስለሚመላለሱ ግፊታቸውን የመለካት ዕድል ያገኛሉ። ወንዱን ግን ካልታመመ በቀር ወደዚያ የሚጠራው ቀጠሮ የለም። ስለዚህ ቀጠሮውን ራሱ መያዝ አለበት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከበርጫ ተነስቶ ግፊቱን የሚለካ ሰው የሚያገኘው የምርቃናውን ቁጥር ነው። በለስላሳና በስኳር ሻይ የዋለ ሰው የደም ስኳርም እንዲሁ ያሳስታል። የሚሻለው ማለዳ፣ ሳይቃም፣ ቡና ሳይጠጣና ሲጋራ ሳያጨስ መሄድ ነው። አምስት ደቂቃ አረፍ ብሎ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ ክንድን በልብ ትክክል አሳርፎ መለካት ይገባል። በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ ክትትል ይሻል። ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ምንም ሳይበላ የተለካ ስኳር ሁለት ጊዜ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ የስኳር በሽታ ነው። የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራም በዚያው ሊሠራ ይችላል፤ ነጻ ሆኖ የተገኘ ሰው መከተብ ይችላል።

አንዳንዱ «ተው ይሉኛል» ብሎ ምርመራውን ይሸሻል፤ ሌላው ይሄድና መቃሙን ይደብቃል። የደበቀው ሰው ግፊቱ ከፍ ሲል ባለሙያው ምክንያቱን አያውቅም፤ ሽንቱ ሲቀጥንም ፕሮስቴቱን ብቻ ሊጠረጥር ይችላል። ስንት ዓመት እንደቃመ፣ በቀን ምን ያህል እንደሚቅም፣ መጨረሻ የቃመው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ መናገሩ ቁጥሮቹ በትክክል እንዲነበቡለት ያደርጋል።