ጎርጎራ፦ የጣና ዳርቻ ድንጋይና ታሪክ



በሚቀጥለው ሳምንት በጎርጎራ የጣናን ሰሜናዊ ዳርቻ በእግር እንጎበኛለን። ሳንጃ ተሰብስበን ስለ ሐይቅ ዳርቻ መነጋገራችን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሳንጃ ላይ የሚወርደው ዝናብ ጣናን አያውቀውም፤ በታላቁ አንገረብ በኩል ወደ አትባራ ይሄዳል። ጎንደር ከተማን አቋርጦ የሚያልፈው አንገረብ ደግሞ በስም ቢመሳሰልም መገጭን ተቀላቅሎ ጣና ይገባል። የሁለቱ ውኃ የሚገናኘው ከካርቱም በስተሰሜን፣ አትባራ ከዓባይ ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ ነው።

ይህን ውኃ ለሁለት የሚከፍለው ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ሥር ፈስሶ በተደራረበ ባዛልት የተሠራ ነው። ጣና የተኛው በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ሦስት የስምጥ መሬት ክንዶች በሚገናኙበት ሥፍራ ነው። በኋላም በደቡብ፣ በዛሬው ባሕር ዳር በኩል፣ ወጣት ላቫ መውጫውን ገድቦ ሐይቁን አሁን ባለው መልኩ አቆየው።

በጉብኝታችን ወቅት ዘወትር እንድታስታውሱት የምፈልገው የጣናን ቅርጽ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከገበታ እንጂ ከጉድጓድ ጋር አይመሳሰልም። ስለዚህ የውኃው ከፍታ በአንድ ሜትር ሲቀንስ በደምቢያ ሜዳ ዳርቻው እጅግ ይሸሻል። ከሐይቁ ወለል የተወሰደ ደለል እንደሚያሳየው፣ ከ17,000 ዓመታት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር፤ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመታት ገደማ ወዲህ ነው። ዘላለማዊ አድርገን የምናየው ሐይቅ በምድር ታሪክ ሚዛን የትናንት ነው።

ከዚህ በኋላ የሰው ሥራ ይከተላል። የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕሎች በዝምታ አይታችሁ ወደ ማርያም ግምብ ፍርስራሽ ስትደርሱ እጃችሁን ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ መገጣጠሚያው አስጠጉ። ባዛልት ለግንብ እንጂ ለኖራ አይሆንም፤ ኖራ የሚቃጠል ሌላ ድንጋይ ይጠይቃል። አፄ ሱስንዮስ (1607–1632 እ.ኤ.አ.) በዚህ አካባቢ በከተሙበት ዘመን ፔድሮ ፓኤዝ ቤተ መንግሥት አሠራላቸው፤ ቆየት ብሎም በ1620ዎቹ ከህንድ የመጡ ግንበኞች በሥፍራው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እንዳገኙ የሚሲዮናውያኑ ጽሑፎች ይናገራሉ። በኖራ የተያያዘ ግንብ የሚያስገኘውን ውበት በጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ተነሥቶ «የጎንደር ግንብ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው» ማለት ግን ለእኔ ችኩል ድምዳሜ ነው። ለአፄ ሠርፀ ድንግል የሚሰጠው የጉዛራ ግንብ በእንፍራዝ ከጣና በላይ የቆመው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ከውጭ የመጣው ጥበብ የአገሬውን ድንጋይ፣ የአገሬውን ጉልበትና የአገሬውን ፍላጎት አግኝቶ ነው ሕይወት ያገኘው። ሱስንዮስ በ1632 ሥልጣናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁ ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ የግንብ ሥራው ግን አልቆመም። እንዲያውም ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎንደር ተሻገረ።

ፍርስራሹን ስንመለከት ድንጋዩን ዝናብና የዛፍ ሥር እየፈቱት መሆኑን ማስተዋላችሁ አይቀርም። ሐይቁም በሰው እጅ ሥር ገብቷል። ከ1996 ወዲህ የጨረጨራ ማገጃ የውኃውን ከፍታ ሲቆጣጠር፣ በ2010 የተመረቀው የበለስ መሿለኪያ ደግሞ ውኃውን ወደ ምዕራብ ይወስዳል። በ2003 ጣና እጅግ ዝቅ ብሎ መርከቦች ለወራት መጓዝ አቁመው ነበር፤ በሸሸው ውኃ ምትክ መሬቱ ታረሰ፣ ደንገሉም ተጨፈጨፈ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ደንገል ሲጠፋ ዓሣ የሚራባበት ዳርቻና የታንኳው ቁሳቁስ አብረው ይጠፋሉ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ ተጨምሯል።

ከጉብኝቱ ስንመለስ እያንዳንዳችሁ ማስታወሻ ታቀርባላችሁ። ጥያቄው አንድ ነው፦ በቆማችሁበት ቦታ ውኃው ከዚህ በፊት የት ድረስ ይደርስ እንደነበር የሚያሳይ ምን ምልክት አገኛችሁ? ምልክቱ ደለል፣ የዛፍ መስመር፣ የድሮ ወደብ ወይም የአንድ አዛውንት ትዝታ ሊሆን ይችላል። አዛውንቱን ስትጠይቁ በትሕትና «አባቴ» ብላችሁ ጀምሩ፤ መልሱንም እሳቸው እንደተናገሩት ጻፉ።