ስለ ወይራ እንጨት አመራረጥና አደራረቅ

ወይራን የማያውቅ ማን አለ ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ባለፈው ዓመት በዕረፍት ጊዜ እናቴ ገበያ ስትሄድ የወተቱን ቅል በወይራ እንዳጥን አዘዘችኝ። እኔም መሽቶብኝ ስለ ነበር ከመንገድ ዳር ያገኘሁትን ርጥብ እንጨት ቆርጬ አጠንሁበት። ለካስ የቆረጥሁት ክትክታ ኖሯል! የሳምንቱ ቅቤ ጥቀርሻ ጥቀርሻ ሸተተና ገዢ አጣ፤ ለደብተሬ የታሰበውም ገንዘብ በዚያው ቀረ። እናቴም «ልጄ፥ እንጨቱን ሳታውቅ እሳቱን አትለኩስ» ብላ ብቻ አለፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄና ተመልክቼ የተማርሁትን እነሆ እጽፋለሁ።

የወይራ ቅጠል ጠባብና ሹል ሆኖ በቅርንጫፉ ላይ ሁለት ሁለት እየሆነ ፊት ለፊት ይበቅላል። ላዩ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው፤ የታችኛው ገጹ ግን ወደ ቡናማ ያደላል። የክትክታ ቅጠል ግን አንድ አንድ እየሆነ በየተራ ይበቅላል፤ ሲነኩት ያጣብቃል፤ ፍሬውም እንደ ወረቀት የሳሳ ክንፍ አለው። ቅጠሉ የረገፈ እንደ ሆነ እንጨቱን ሰንጥቆ ማየት ነው። የወይራ ውስጡ ጥቁር ቡናማ፥ ዙሪያው ነጣ ያለ ሲሆን፥ እንጨቱ ጠንካራና ከባድ ነው።

ርጥብ እንጨት ስለ ምን መልካም አይደለም? 1 ኪሎ ግራም የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2260 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ እሳቱ ኃይሉን ውሃ በማትነን ይጨርሳል፤ እንጨቱም በሚገባ ስለማይነድ ጥቀርሻ ያበዛል። ወይራውን ፈልጦ ከመሬት ከፍ አድርጎ፥ ዝናብ በማያገኘው ነፋሻ ስፍራ፥ አየር እንዲያልፍበት አሳስቶ መደርደር ይገባል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቢቈይ መልካም ነው። ጫፉ ሲሰነጣጠቅ፥ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፥ በሚዛንም ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

ለማጠን ጊዜ ቀጭኑን ፍልጥ አቀጣጥሎ፥ ነበልባሉን አጥፍቶ፥ ጢሱን በታጠበና በደረቀ ቅል ውስጥ ማስገባት ነው። በጢሱ ውስጥ ያሉት እንደ ፌኖል ያሉ ነገሮች ተሐዋስያንን ያዳክማሉ፤ ሆኖም ወተትን ማፍላትን አይተኩም። ጢሱ ዓይንና ሳንባን ስለሚጎዳ በሩን ከፍቶ ማጠን ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነውና፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ ቅርንጫፉን እንጂ ግንዱን አንቁረጥ። ለቅል ማጠኛ ጥቂት ፍልጥ ይበቃልና።