የአረንጓዴው ባልዲ ሕግ

አንድ ታዳጊ ካሜራ ፊት ቆሞ ጥያቄ ይጠየቃል። ትንሽ ያንገራግርና «አላውቅም» ይላል። ወዲያው ወፈር ያለ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ከላይ አናቱ ላይ ይዘረገፋል፤ ጸጉሩን አጣብቆ በግንባሩ ይወርዳል፣ ቅንድቡ ላይ ይጠራቀምና በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ይህ ቀልድ የተወለደው በ1979 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ፣ «ዩ ካንት ዱ ዛት ኦን ቴሌቪዥን» በተባለ የልጆች ፕሮግራም ላይ ነው፤ «ይህን በቴሌቪዥን ማድረግ አይቻልም» እንደ ማለት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒክሎዲየን የተባለው የአሜሪካ የልጆች ጣቢያ ፕሮግራሙን ወስዶ ማሳየት ሲጀምር፣ ልጆቹ ስላይም የሚሉት ይህ ዝልግልግ የጣቢያው መለያ እስከ መሆን ደረሰ። ያንን እያዩ ያደጉ ሰዎች ዛሬ የልጅ ወላጅ ሆነዋል፤ ነገሩ ሲነሳ ግን አሁንም ፊታቸው ይፈካል። ይህን ናፍቆት «የልጅነት ነገር ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ሰዎቹ የናፈቁት ከዝልግልጉ ይልቅ እሱን የሚገዛውን ሕግ ነው ባይ ነኝ።

ሕጉ ቀላል ነበር። «አላውቅም» ያለ ሁሉ ስላይም ይወርድበታል፤ «ውሃ» የሚል ቃል ያመለጠውም ውሃ ይደፋበታል። በዚህ ላይ ፕሮግራሙ አዋቂዎችን እንዴት ይስል እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። የአዋቂ ወንዶቹን ሚና በሙሉ ማለት ይቻላል የሚጫወተው ሌስ ላይ የተባለ አንድ ተዋናይ ነበር፤ አባትየው እሱ፣ መምህሩ እሱ፣ የእስር ቤት ጠባቂው እሱ፣ በቆሸሸ ማእድ ቤት በርገር የሚጠብሰውም እሱ። ሁሉም ቁጡ፣ ሁሉም ግልፍተኛ፣ ሁሉም ዛሬ የፈቀዱትን ነገ የሚከለክሉ ናቸው። ልጅ የአዋቂውን ዓለም ከታች ሆኖ ሲያየው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመስለው፤ ትእዛዙ ይበዛል፣ ምክንያቱ አይነገርም። በዚያ ዓለም ውስጥ ቃሉን የማያጥፈው ባልዲው ብቻ ነበር። አያኮርፍም፣ ቂም አይዝም፣ ሰው አይመርጥም። ከፈሰሰ በኋላም ጉዳዩ በዚያው ያበቃል፤ ምክር የለ፣ ተግሣጽ የለ።

ይህ ከሆነ ታዲያ ባልዲው አለማወቅን ይቀጣል ማለት አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አላውቅም ማለት እውነተኛነት ነው፤ ልጅ እውነቱን ስለተናገረ ሊዋረድ አይገባም። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን ጥያቄዎቹ የእውቀት መለኪያ አልነበሩም፤ ጓደኛን ቃሉን እንዲያወጣ አባብሎ ማጥመድ ነበር ጨዋታው። ንቁውም ፈዛዛውም ይያዛል፣ ዛሬ ያጠመደው ነገ ይጠመዳል። ክፍል ውስጥ መምህር ጠይቆት መልስ ያጣ ልጅ ኀፍረቱን የሚሸከመው ብቻውን ነው። እዚህ ግን ያው ቃል ለሁሉም በየተራ የሚደርስ፣ ሁሉም ስቆ የሚወጣበት ነገር ሆነ። ለልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሕጉ በሌሎች ፕሮግራሞችም ይታያል። ኒክሎዲየን በፊላደልፊያ እየቀረጸ ከጥቅምት 1986 ጀምሮ ያሳየው «ደብል ዴር» የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። መጨረሻው ላይ ስምንት መሰናክሎች በ60 ሰከንድ ይታለፋሉ። በጣም የታወቀው መሰናክል ሰው የሚያክል አፍንጫ ነው፤ ተወዳዳሪው እጁን ቀዳዳው ውስጥ እስከ ክርኑ ከትቶ፣ በዝልግልጉ መሃል እየዳበሰ የተደበቀች ባንዲራ ያወጣል። አፍንጫህን አትጎርጉር የተባለ ልጅ ይህን ሲያይ የሚሰማውን ደስታ መገመት አያዳግትም። ሆኖም ሰዓቱ አይዋሽም፣ ባንዲራው ካልተገኘ ወደሚቀጥለው ማለፍ የለም። አቅራቢው ማርክ ሰመርስ ደግሞ ስለ ጽዳትና ስለ ሥርዓት ከልክ በላይ የሚያስጨንቅ ሕመም እንዳለበት ኋላ ላይ በይፋ የተናገረ ሰው ነው፤ ያን ሁሉ ክሬም እየረገጠ ፈገግታው ሳይጠፋ መሥራቱን ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል። በእንግሊዝም ከ1974 እስከ 1982 በታየው «ቲዝዋዝ» አዋቂዎች ፈቅደው ትልቅ የሽቦ ጎጆ ውስጥ ይገቡና ውሃና ዝልግልግ ይደፋባቸው ነበር። ቢቢሲ በ1991 በጀመረው «ጌት ዩር ኦውን ባክ» ደግሞ ልጁ የሚያማርረውን አዋቂ፣ አባቱንም ሆነ መምህሩን፣ ይዞ ይመጣል፤ ካሸነፈ ያ አዋቂ ዝልግልግ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ሕጉ ልጁን ብቻ ሳይሆን አሳዳጊውንም ያዘ ማለት ነው። የነዚህ ፕሮግራሞች ትልቁ ነገር ለእኔ ይህ ነው።

እህል ለምን ይደፋል የሚለው ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ፍርፋሪ መሬት ላይ ወድቆ ሲያይ አንስቶ ስሞ የሚያስቀምጥ ሰው ባለበት አገር ላደገ አንባቢ፣ እንቁላልና ክሬም ለሳቅ ሲረገጥ ማየት ያሳቅቃል፤ መሳቀቁም ትክክል ነው። የኦታዋው ስላይም ራሱ፣ አዘጋጆቹ እንደሚያወሩት፣ መነሻው ከካፌ የተሰበሰበ ትርፍራፊ ነበር፤ ቀረጻው ሲዘገይ ባልዲው ውስጥ ሻገተ፣ እነሱም እንዳለ ደፉት። ኋላ ላይ ከጄላቲን፣ ከዱቄትና ከውሃ ይበጠብጡት ጀመር፤ ከጸጉር ቶሎ እንዲለቅም የሕፃናት ሻምፖ ጨመሩበት። እንግሊዞቹ ደግሞ በብዛት የተጠቀሙት በመዋቢያ ቅባቶች ውስጥ የሚገባ ማወፈሪያ ዱቄት በቀለምና በውሃ በጥብጠው ነው። እህል ሳይባክን ቀልዱ እንደሚሠራ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። እህል ያባከኑትን ግን አልከላከልላቸውም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ልጆቹ ደኅንነት የሚነሳው ነው። በ2024 የወጣ አንድ ዘጋቢ ፊልም ላይ ከኦታዋው ፕሮግራም በኋላ በመጡ የኒክሎዲየን ድራማዎች ላይ ልጅ ሆነው የተወኑ ሰዎች የደረሰባቸውን በደል ተናግረዋል፤ ዝልግልጉን የያዙ አንዳንድ ትዕይንቶችም ለልጅ የማይገባ መልእክት ነበራቸው ተብለው ተወቅሰዋል። ይህን ሰምቶ ናፍቆትን እንደ ድሮው መያዝ ከባድ ነው፤ መያዝም የለበትም። ነገር ግን በደሉ የጀመረው ሕጉ በጠፋበት ቦታ ነው። ልጁ ምን እንደሚደርስበት፣ ለምንስ እንደሚደርስበት ካላወቀ ቀልዱ የአዋቂው ብቻ ይሆናል። በ2023 ወላጆች የሕፃናት ልጆቻቸው ግንባር ላይ እንቁላል እየሰበሩ የቀረጹትን በቲክቶክ ያሰራጩ ነበር። አብረን እንጋግር ብላ እናቷን ያመነች ሕፃን ደንግጣ ታለቅሳለች፤ የምትስቀው እናት ናት። የባልዲው ጨዋታና ይህ ሁለቱም «በምግብ የመቆሸሽ ቀልድ» ይባሉ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አንዱ የሌላው ተቃራኒ ነው።

ናፍቆቱ ለልጅነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስላይም ከዚያ ትውልድ ጋር ባረጀ ነበር። ያን ዘመን ያላዩ ልጆች ግን ዛሬም በኒክሎዲየን ሽልማት ዝግጅት ላይ ታዋቂ ሰዎች ሲነከሩ ይጮኻሉ። ጥር 2021 ጣቢያው የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስንና የቺካጎ ቤርስን የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ለልጆች ሲያስተላልፍ፣ ነጥብ ሲቆጠር በኮምፒውተር የተሠራ ስላይም በሜዳው ላይ ይረጭ ነበር። ያማረ ምስል ነው፤ ማንንም ግን አላራሰም፣ ማንም አልተስማማበትም። የሴይንትሱ አሠልጣኝ ሾን ፔይተን ግን ቡድኑ ካሸነፈ በኋላ ቆሞ እውነተኛው ስላይም አናቱ ላይ እንዲደፋበት ፈቀደ።