የጆሮ ማዳመጫን ድምፅ በእጅ በተሠራ መቆጣጠሪያ ስለ መመጠን



የዛሬው ርእሳችን በድምፅ ምንጭና በጆሮ ማዳመጫ መካከል ገብቶ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ ሣጥን ስለ መሥራት ነው። የመረጥኩት ለብየዳ ልምምድ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ አድማጭ የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ89 ዴሲቤል የሚቀረን እንግዲህ በሳምንት 5 ሰዓት ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ያሉት የመስሚያ ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የመጀመሪያ እርከኑ እንኳ ጆሮ የሚያደነቁር ማጉያ ላለው ሰው፣ ወይም ጽሑፍን በሚያነብ ሶፍትዌር ቀኑን ሙሉ ለሚማር ዐይነ ስውር ተማሪ፣ ይህች ሣጥን ቀላል ነገር አይደለችም።

ዋናው አካል ፖቴንሽዮሜትር ነው። ሦስት እግር አለው፤ ምንጩ ከአንዱ ዳር፣ የጋራ መመለሻው ሽቦ ከሌላው ዳር፣ ማዳመጫው ከመካከለኛው እግር ይገናኛል። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ለመቆጣጠር በአንድ ዘንግ የሚዞር ጥንድ ፖቴንሽዮሜትር ያስፈልጋል።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው በዋጋው ምርጫ ላይ ነው። ከተጣለ ሬዲዮ የሚፈታው ፖቴንሽዮሜትር አብዛኛውን ጊዜ 10,000 ኦም ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የተሠራውም ለማጉያ መግቢያ እንጂ ለማዳመጫ አይደለም። አስሉት። መዞሪያው መካከል ላይ ሲሆን ከላይ 5,000 ኦም፣ ከታች 5,000 ኦም ይሆናል። ታችኛው ግን 32 ኦም ከሆነው ማዳመጫ ጋር በትይዩ ስለሚቆም ወደ 32 ኦም ገደማ ይወርዳል። ከቮልቴጁ ወደ ጆሮ የሚደርሰው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። መዞሪያው እስከ መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ምንም የሚሰማ አይመስልም፤ ከዚያ በድንገት ይጮኻል። ለጆሮ ከዚህ የከፋ መቆጣጠሪያ የለም።

በ100 ኦም ፖቴንሽዮሜትር ግን መካከሉ ላይ ከቮልቴጁ 28 በመቶ ያህሉ ያልፋል፤ ይህም 11 ዴሲቤል ገደማ ቅናሽ ነው። ጆሯችን የድምፅን ኃይል የሚመዝነው በሎጋሪዝም ስለሆነ፣ 10 ዴሲቤል ቅናሽ በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማናል። መዞሪያው ግማሽ ሲዞር ድምፁ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ደግሞ እጃችንና ጆሯችን ይስማማሉ። ለዚህ ነው ሎጋሪዝማዊ ፖቴንሽዮሜትር ባታገኙ የማልጨነቀው፤ ማዳመጫው ራሱ ቀጥተኛውን መስመር ያጎብጠዋል።

ይህም ያለ ዋጋ አይገኝም። በዚያው መካከለኛ ቦታ ላይ ማዳመጫው ከኋላው 25 ኦም ይገጥመዋል። የማዳመጫ ኢምፒዳንስ ደግሞ በሁሉም ድግግሞሽ አንድ አይደለም፤ በወፍራሙ ድምፅ አካባቢ ወደ 60 ኦም የሚወጣ ቢሆን፣ ያ ክፍል በ2 ዴሲቤል ያህል ይጎላል። ለንግግር ግድ የለም፤ ለሙዚቃ ግን ጠንቃቃ ጆሮ ይለየዋል። ድምፁን አንዴ ቀንሶ መተው ለሚበቃው ሰው የምመርጠው ሁለት ቋሚ ሬዚስተር ነው፤ ለየጎኑ 33 ኦም በተከታታይ፣ ከዚያ 4.7 ኦም ከማዳመጫው ጋር በትይዩ። ቅናሹ 19 ዴሲቤል ነው፤ ማዳመጫው የሚገጥመውም 4 ኦም ገደማ ብቻ ስለሆነ የድምፁ መልክ አይዛባም።

በተለመደው ሦስት መገናኛ ባለው መሰኪያ ላይ ጫፉ የግራ፣ ቀለበቱ የቀኝ፣ ግርጌው የጋራ መመለሻ ነው። ማይክሮፎን ያለው አራት መገናኛ ስላለው ይህ ንድፍ አይሆነውም።

ማዳመጫውን ጆሯችሁ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት መዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርጉና ከእጃችሁ ሳይለይ አዳምጡ። ፍጹም ጸጥታ መሆን አለበት። ድምፅ ከተሰማ የፖቴንሽዮሜትሩ የታችኛው እግር ከመመለሻው ሽቦ ጋር አልተያያዘም ማለት ነውና፣ ክዳኑን ሳትገጥሙ ያንን ብየዳ ደግማችሁ እዩት።