የተፈታው መዳብ

በሳን ዲዬጎ የባሕር ሰላጤ ሼልተር አይላንድ በሚባለው ማቆሚያ ከ2,000 በላይ የመዝናኛ ጀልባዎች ተደርድረዋል። የብዙዎቹ ሆድ የተቀባበት ቀለም መዳብ አለበት። መዳቡ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ሲሟሟ አልጌውም ቅርፊታሙ ፍጥረትም እንዳይለጠፍባቸው ይከላከላል። ቀደም ሲል ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ትሪቡታይልቲን የተባለው የቆርቆሮ ውህድ ነበር። ሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች የወንድ አካል እንዲያበቅሉ ስላደረገ፣ ቀስ በቀስ ተገደበና ሜዳው ለመዳብ ተለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በሥራ ላይ በዋለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ ታገደ።

መዳቡም በተራው ጣጣ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአካባቢው የውሃ ጥራት ቦርድ ወደ ማቆሚያው ከሚገባው መዳብ 98 በመቶ ያህሉ ከጀልባዎቹ ቀለም እንደሚመጣ አስልቶ፣ በ17 ዓመት ውስጥ በ76 በመቶ እንዲቀነስ ወሰነ። በ2018 ደግሞ የካሊፎርኒያ ግዛት ቀለሙ በቀን የሚለቀው መዳብ ላይ ገደብ ጣለ። የውሃው መመዘኛ በሊትር 3.1 ማይክሮግራም የሟሟ መዳብ ነው።

ቁጥሩ ጥብቅ ነው፤ የሚቆጥረው ግን መጠንን ብቻ ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ አብዛኛው መዳብ ብቻውን አይንሳፈፍም። ከካርቦኔት፣ ከሃይድሮክሳይድና ከሁሉም በላይ ከብስባሽ ከሚመጡ ንጥረ ነገሮች ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ለሙስል ዕጭ አደገኛ የሚሆነው በዋናነት ያልተጣበቀው ጥቂት ክፍል ነው። መመዘኛው በሰፈሩ ያሉትን ውሾች ሁሉ ይቆጥራል፣ ስንቱ ከሰንሰለቱ እንደተፈታ ግን አይጠይቅም።

ሰንሰለቱን የሚያላላው የውሃው አሲድነት ነው። ውቅያኖስ ከአየር የሚቀበለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ፒኤች ይወርዳል፤ ካርቦኔትና ሃይድሮክሳይድም አብረው ያንሳሉ። ፒኤች ከ8.1 ወደ 7.4 ቢወርድ የሃይድሮክሳይዱ መጠን ወደ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ሃይድሮጅኑም ከብስባሹ ንጥረ ነገር ላይ የመዳቡን ቦታ ይሻማል። ስለዚህ አንድ ግራም ቀለም ሳይጨመር ነፃው መዳብ ሊበዛ ይችላል። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በባሕር ዳር አሸዋ ትል ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ መዳብና አሲድነት አንድ ላይ ሲሆኑ በዘር ፍሬውና በዕጩ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ለየብቻ ከሚያደርሱት የከፋ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁሉም ብረታ ብረት ግን እንዲህ አይደለም። ካድሚየም ከክሎራይድ ጋር የሚጣበቅ በመሆኑ ፒኤች ብዙም አይነካውም። ብረት ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አሲድነት ሲጨምር ዳያቶም የተባሉት ደቂቅ አልጌዎች ብረት ለማግኘት እንደሚቸገሩ አሳይቷል። መርዙ እየቀረበ ምግቡ ይርቃል ማለት ነው።

በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ጉዳዩ የሩቅ ዘመን ትንበያ አይደለም። ንፋስ የላይኛውን ውሃ ወደ ባሕሩ ሲገፋ፣ ካርቦን የበዛበት ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ወጥቶ ዳርቻውን ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከካናዳ እስከ ሜክሲኮ በተደረገ የመርከብ ቅኝት ይህ ዛጎል የሚያሟሟ ውሃ ከባሕሩ የላይኛው ገጽ አጠገብ ተገኝቷል።

የአሜሪካ ፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ረቂቅ የመዳብ መመዘኛው ፒኤችንና የሟሟ ካርቦንን እንዲያካትት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መንገዱ ትክክለኛ ነው። በ3.1 ብቻ የሚመራ ማቆሚያ ቀለሙን ቢቀንስም፣ የባሕሩ ኬሚስትሪ በሌላ በር ያንኑ መርዝ ሊመልስለት ይችላል።