መኪና ጠፍቶ አልነሳ ሲል

መኪና እየሄደ ጠፍቶ አልነሳ ሲል ብዙዎቻችን «ባትሪ ነው» እንላለን። አዲስ ባትሪ ተገዝቶ መኪናው በማግሥቱ ደግሞ ከቆመ ግን ገንዘቡ ባከነ።

ከሁሉም በፊት ነፍስ ትቅደም። ከአፉላ በ65 ቁጥር መንገድ ስትሄዱ ከጠፋባችሁ፣ መኪናውን ወደ ቀኝ ጠርዝ አውጡ፤ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፤ አንጸባራቂ ሰደርያችሁን ልበሱና ከመንገዱ ራቁ።

ቦታው የማያሰጋ ከሆነ ቁልፉን አዙራችሁ አዳምጡ።

«ጠቅ ጠቅ» ብሎ መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል። ስትነዱ የባትሪው ቀይ መብራት በርቶ ከነበረ ግን ዲናሞውን ወይም ቺንጋውን ጠርጥሩ። ሞተር ሲሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ መለካት አለበት።

መብራቱ ደማቅ ሆኖ አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖው ይታይ።

ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ ነዳጅ ወይም የካንዴላ እሳት አልደረሰውም።

የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ከደረሰ አታስነሱት። ራዲያተሩ ሳይበርድ ክዳኑን አትክፈቱ፤ የፈላው ውሃ ያቃጥላል።

ለሙሳኩ ባለሙያ የሰማችሁትን ንገሩት። በዕብራይስጥ ባትሪ «ማጽቤር»፣ ዲናሞ «አልተርናቶር»፣ ሞተሪኖ «ስታርተር»፣ የነዳጅ ፓምፕ «ማሽኤቫት ዴሌክ» ይባላል። ሳይለካ «ማጽቤር ቀይሩ» ካለ፣ «መጀመሪያ ለካልኝ» በሉት።

የየዲዲም በጎ ፈቃደኞች በ1230 ስትደውሉ ያለ ክፍያ ይረዳሉ። መኪናው መንገድ ከዘጋ ፖሊስ 100 ነው።

መልካም መንገድ!