ከማስፈልፈያ የመጡ ጫጩቶች

ከማስፈልፈያ የወጣች የአንድ ቀን ጫጩት ሳትበላና ሳትጠጣ ሁለት ቀን ያህል መቆየት ትችላለች። ልትፈለፈል ስትል የእንቁላሉን አስኳል ወደ ሆዷ ስባ ስለምታስገባ ስንቋን ይዛ ነው የምትወጣው። ከቢሾፍቱ በካርቶን ተጭና ሩቅ ከተማ በሕይወት የምትደርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሙቀት ግን በስንቅ አይያዝም።

እናት ያላት ጫጩት ሲበርዳት ክንፍ ሥር ትገባለች፣ ጥሬ ሲገኝ ትጠራለች፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ የእናቷን ማስጠንቀቂያ ትሰማለች። የማስፈልፈያዋ ጫጩት ይህ ሁሉ የላትም። አሥር አሥራ አምስት ጫጩት ገዝቶ ግቢው ውስጥ ዶሮ ማርባት የሚጀምር ሰው ላባቸው እስኪሞላ፣ ማለትም ለስድስት ሳምንት ያህል፣ የእናቲቱን ሥራ ይረከባል። ከዚህ ሥራ ደግሞ ትልቁ ማሞቅ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ማደሪያቸው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድ ያስታውሱ። ቴርሞሜትር ጥሩ ነው፤ ጫጩቶቹን ማየት ግን ይበልጣል። ማሞቂያው አምፖል ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተጠጉ በሌላው በኩል ነፋስ እየገባ ነው። ተበታትነው ሲበሉና ዘና ብለው ሲተኙ ብቻ ነው እኛም መተኛት የምንችለው። ማደሪያው ክብ ቢሆን ይመረጣል፤ ማዕዘን ካለው እዚያ ተከማችተው የታችኞቹ ይታፈናሉ።

አምፖል ሲገዙ ዓይነቱን ይጠይቁ። አሁን ገበያውን የሞላው ኤልኢዲ ብርሃን እንጂ ለጫጩት የሚበቃ ሙቀት አይሰጥም፤ የሚፈለገው ሲነኩት የሚያቃጥለው የድሮው ዓይነት ነው። መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው ወደ ከሰል ይሮጣል፤ በተዘጋ ክፍል ግን ጭሱ ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል። ከዚህ ይልቅ በአገራችን ተሞክሮ የሠራው የሣር ሳጥን ይሻላል። በሳጥን መካከል ክብ ወንፊት ሽቦ ይቆማል፣ ዙሪያው በደረቅ ሣር ይጠቀጠቃል፣ ጫጩቶቹ ሌሊት መካከሉ ገብተው በገዛ ሰውነታቸው ሙቀት ያድራሉ። አየር መግቢያ ይተውለት እንጂ መብራትም ከሰልም አይጠይቅም።

እንደደረሱ መጀመሪያ የሚሰጣቸው ውኃ ነው። የጥቂቶቹን ምንቃር ቀስ አድርጎ ውኃው ውስጥ ነከር ማድረግ በቂ ነው፤ ሌሎቹ አይተው ይማራሉ። ዕቃው ጥልቀት ካለው ጠጠር ይጨመርበት፣ አለበለዚያ ይሰጥማሉ። ምግባቸው ሃያ በመቶ ያህል ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ ይሁን። የእንጀራ ፍርፋሪና የበቆሎ ክክ ሆድ ይሞላል እንጂ አጥንትና ላባ አይሠራም። የእንቁላል ጣይ መኖም ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ይህን ሁሉ አሟልቶ ያሳደገ ሰው መንጋውን በሁለትና ሦስት ቀን ሊያጣ የሚችለው በፈንግል ነው። ለያዘው ዶሮ መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ በኋላም ይደገማል። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ መሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ አለመቀመጡ ነው። አሥር ጫጩት ያለው ሰው ብቻውን ሲገዛ ይከብደዋል፣ ስለዚህም ይተወዋል። ጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ወጪው ይቀላል፣ ሰፈሩም ይጠበቃል። በሽታው የሚገባበት ሌላው በር የበዓል ዶሮ ነው። ለፋሲካ ከገበያ የተገዛው አውራ ዶሮ ጤነኛ ቢመስልም በሽታውን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል እስኪታረድ ድረስ ከጫጩቶቹ ርቆ ይታሰር፤ እሱን የነካ እጅም ሳይታጠብ መኖ አይስፈር።

ቀኑን ሙሉ ከቤት ርቆ የሚውል ጀማሪ፣ በእኔ አስተያየት፣ የአንድ ቀን ጫጩት ባይገዛ ይሻለዋል። ክትባታቸውን የጀመሩና ከሙቀት የወጡ የ45 ቀን ጫጩቶች በየከተማው ይሸጣሉ። ዋጋቸው ከፍ ያለው የሚያሰጋውን ጊዜ ሌላ ሰው ስለተሸከመላቸው ነው። ለእንቁላል ከሆነ ቦቫንስ ብራውን የተባለችው ዝርያ ከአራት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ መጣል ትጀምራለች፤ ለሥጋም ለእንቁላልም ከሆነ ሳሶ የተባለው ዝርያ ይመረጣል።

የፈረንጅ ጣዮች ግን አይታቀፉም ማለት ይቻላል፤ ቀጣዩ ትውልድም በግዢ ነው። የሐበሻ ዶሮ በዚህ ትበልጣቸዋለች። እንቁላሏ ጥቂት ቢሆንም በደንብ ትታቀፋለች፤ ሦስተኛ ሳምንቷን እየጨረሰች ከሆነ ደግሞ ከማስፈልፈያ የመጡ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ማታ በጨለማ ክንፏ ሥር ማስገባት ይቻላል። ጠዋት አይታ ከተቀበለቻቸው አምፖሉም የሣር ሳጥኑም አያስፈልግም።